ሰም የጠጣው ብረት

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ከፍቶት በነበረው የመኪና መጠገኛ ሥራ የጀመርኩ ቀን የአያሌው ኩታ ከቶርኖው አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አያሌው ከእኔ በፊት በዚያ ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ነው። ሆን ብሎ፣ ለአርበኞቹ ሲል የቶርኖውን መቁረጫ እየሰበረ ይጨርሳል ተብሎ ታሰረ። ኩታውን እዚያው ተውኩት።

ካቦው፣ ጣሊያኑ አለቃችን፣ የመኪና ዘንግ የሚዞርበት የብረት ቀለበት አቀበለኝ። ውስጡን ጥቂት ማስፋት ነበረብኝ።

"መቁረጫ ይኸ ብቻ ቀረ" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። "አንተም እንደ አያሌው?"

"የለም ሲኞር" አልኩ።

መቁረጫው ገና ሲነካው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አቁሜ ጫፉን በጥፍሬ ብዳስሰው ሸረፍ ብሏል። ካቦውን ጠየቅሁት፤ በወጣትነቱ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ነውና አልደበቀኝም። ቀለበቱ የብረት ዱቄት ተጨምቆ በእሳት የተጣበቀ ነው፤ ዘይት እንዲይዝ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው አለኝ። ለካ መቁረጫው ካንዱ ቀዳዳ ሲወጣ የሌላውን ጠርዝ እየመታ ኖሯል። ቀዳዳው ቢሞላስ ብዬ አሰብኩ።

ባለቤቴ ዘርፌ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ልትሠራበት ያስቀመጠችው ሰም ነበራት፤ እሱን ስጪኝ አልኳት።

"የመድኃኔዓለምን?" አለች። "ለነሱ መኪና?"

"ለኔ አንገት ነው፣ ዘርፌ።"

አውጥታ ሰጠችኝ፤ ፊቴን ግን አላየችም። እኔም አፍሬ ነበር፣ ፍርሃቱ በለጠ እንጂ።

በማግስቱ መቁረጫውን ስዬ፣ ቀለበቱን አሙቄ የቀለጠ ሰም ውስጥ ነከርኩት። ሲቀዘቅዝ ቶርኖው ላይ አሰርኩት። መቁረጫው ሳይንቀጠቀጥ ገባ፣ ጫፉም እንዳለ ወጣ።

ካቦው ቀለበቱን ከእጄ ወሰደ። "አሁኑኑ ይገጠም። መኪናው ጉናን ይወጣል።"

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሰሙ ካልወጣ ዘይት አይገባም፤ ዘይት ከሌለው ዳገቱ ላይ ከዘንጉ ጋር ተጋግሎ ይጣበቃል። ያኔ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ብናገር ደግሞ ብረታችንን በሰም ደፈነው ሊሉኝ ነው።

"ሲኞር፣ ሰም አለበት" አልኩ። "በዘይት ላፍላውና ይውጣ።"

ቀለበቱን አሸተተውና መለሰልኝ። "አፍላው" አለ።

ሰሙ ወጥቶ ዘይቱ ሲተካ አጠገቤ ቆሞ አየ። አለመቆጣቱ አደፋፈረኝ።

"ሲኞር፣ አያሌው እኮ አላጠፋም። መቁረጫውን የጨረሰው ብረቱ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ታዲያ ለምን ታሰረ?"

"አለቆቼ ጥፋተኛ አምጣ አሉኝ።" ይህን ብሎ ቀለበቱን ሊያስገጥም ሄደ።

መኪናው ጉናን ወጣ። አያሌው አልተፈታም። ኩታውን ለእናቱ ወሰድኩላቸው፤ ያጠፋው ነገር የለም ብላቸው "እሱንማ እኔም አውቃለሁ፣ ልጄ" አሉኝ።

እናንተ ቶርኖ የምትሠሩ፣ እንዲህ ያለውን ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀዳዳውን በሰም ሙሉት፤ ስትጨርሱ ሰሙን አፍልታችሁ አውጡና ዘይቱን መልሱለት። መቁረጫ ሲሸረፍ ደግሞ ሰውየውን ከመያዛችሁ በፊት ብረቱን እዩ።