ወደ ኋላ የማያዩት በትር ያዥ

«ጋሽ ቀጥበል» እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ መዘምራኑ ናቸው ያወጡላቸው። በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቀሳውስቱ ተሰልፈው ሲገቡ ረጅሙን በትር ይዘው ከፊት የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ጎበጥ ያለ ሰው ካዩ ደግሞ «ቀጥ በል!» ሳይሉ አያልፉም። የሥራው ትልቁ ሕግ አንድ ነው፦ በትር ያዥ ወደ ኋላ አያይም። ከኋላቸው ጣሪያው ቢናድ እንኳ ጋሽ ቀጥበል አንገታቸውን የሚያዞሩ ሰው አይደሉም።

ያ እሑድ ግን እንደ ሌላው እሑድ አይደለም። ጡረታ ሊወጡ ነውና በትሩን የሚይዙበት የመጨረሻ ቀን ነው። ባለቤታቸው አዋላጅ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ተረኛ ስለሚሆኑ ባላቸው ሲመሩ አንድም ቀን አይተው አያውቁም። ዛሬ እንደ ምንም የሥራ ባልደረባቸውን ለምነው፣ ለመግቢያው ብቻ ሊመጡ ነው።

ጋሽ ቀጥበል ጠዋት ጫማቸውን እየወለወሉ፣ «ዛሬ ካላየሽኝ ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ።

«እመጣለሁ አልኩህ እኮ! ይልቅ ያንን ጫማ ተወው፣ ቆዳው አለቀ» አሉ ባለቤታቸው።

ጉዱ የመጣው ከጳጳሳቱ ነው። ከየአገሩ ተሰብስበው ሳምንቱን ሙሉ በአዳራሹ ሲመክሩ ሰነበቱ። ከደሴት የመጡት ጳጳስ ጀልባ አጥተው ስለማይደርሱባቸው ምእመናን ሲያወሩ፣ ከበረዶ አገር የመጡት ስለ ባዶ ወንበሮቻቸው ሲያወሩ፣ አብረው አለቀሱ፣ አብረውም ሳቁ። በመጨረሻ ወንጌሉን ተጋግዘው ሊያዳርሱ፣ ያለው ለሌለው ሊያካፍል፣ በመካከላቸውም ታላቅና ታናሽ እንዳይኖር ተስማሙ። እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! ግን ውሳኔውን ለጋሽ ቀጥበል የነገራቸው ማን አለ?

«አባቶቼ፣ እንደ ማዕረጋችሁ ተሰለፉልኝ» አሉ በሩ ጋ ቆመው።

በሰልፍ መጨረሻ ላይ የሚገባው ትልቁ ነው። በዕድሜም በሹመትም የሚበልጡት ሽማግሌ ጳጳስ ግን፣ «እኔ? በፍጹም! ትናንት ምን ተባባልን?» ብለው ፊት ሄደው ተሸጎጡ። ኋላ የቀሩት የደሴቱ ጳጳስ ደንግጠው ከሽማግሌው ፊት ገቡ። የበረዶ አገሩማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ! መጨረሻ የሆነ ሁሉ መጀመሪያ ለመሆን ይጋፋል። አቤት! ትሕትና እንዲህ በክርን ሲደቋቆስ ማን አይቶ ያውቃል?

ኦርጋኑ ጀመረ። ባለቤታቸው ሰዓታቸውን እያዩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ቀጥበል ቶሎ ካልገቡ ሴትዮዋ ሳያዩአቸው ሊሄዱ ነው። ትዕግሥታቸው አለቀ። ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አድርገው በትሩን መሬቱ ላይ ደለቁትና፣ «ቀጥ በሉ!» አሉ።

ጸጥ አለ። ጳጳሳቱ ጸጥ ያሉት ደንግጠው ነው እንጂ ተሰልፈው አይደለም። ይህን ለማወቅ መዞር ያስፈልግ ነበር፤ ጋሽ ቀጥበል ደግሞ አይዞሩም።

ሄዱ። ደረታቸውን ነፍተው፣ በረጅሙ መተላለፊያ። ምእመናኑ ፈገግ ፈገግ ሲሉ፣ «ለመሰናበቻዬ ነው፣ ውለታ አይረሱም» ብለው ደስ አላቸው። መሠዊያው ጋ ደርሰው እጅ ነሱ፤ ጳጳሳቱን ለማሳለፍም ፈቀቅ አሉ። የሚያልፍ የለም። ጠበቁ። አሁንም የለም። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሩ።

መተላለፊያው ባዶ ነው። ወይን ጠጅ ቀሚሶቹ በሩ ጋ ይተራመሳሉ።

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዱት ባለቤታቸው ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከተለ። ጳጳሳቱ ሳቁን ሲሰሙ አፈሩ፤ ክንድ ለክንድ ተያያዙና መተላለፊያውን ሞልተው፣ ፊትና ኋላ ሳይኖራቸው ባንድነት ገቡ።

መዝሙሩ ሲጀመር ጋሽ ቀጥበል ባለቤታቸውን ለመሸኘት ሹልክ ብለው ወጡ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጉድ ሠሩኝ! አንድ ቀን ብትመጪ ባዶ መንገድ ስመራ አየሽኝ» አሉ።

«ኧረ ተወኝ! እነሱ ከኋላህ ተደርድረው ቢሆን ኖሮ ቀሚሳቸውን ሳይ አንተ ታመልጠኝ ነበር። የመጣሁት አንተን ላይ አይደል? አየሁህ፤ ደግሞ አማረብህ።»

ባለቤታቸው ወደ ሥራቸው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ጋሽ ቀጥበል ጎንበስ ብለው እንባቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ፣ ሴትዮዋ መንገዱ ማዶ ደርሰው ዞሩና ጮክ ብለው ተጣሩ።

«አንተ ሰውዬ! ቀጥ በል!»