«የእድር መርዶ» ተብሎ የተመዘገበው ቁጥሬ

ባለፈው ዓመት፣ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጎረቤቴ ስልኬን «ለአምስት ደቂቃ» ብላ ወሰደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመልሰው ቁጥሩ የእኔ መሆኑ ቀርቶ ነበር። በደሉ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ስለሆነ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ናት፤ የእድራችንም ጸሐፊ ናት። በእድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ላይ ነው ያለው፤ እርሷም ሻርፗን እያስተካከለች ለሁሉም እኩል ትሮጣለች። ጥሩምባ ነፊ አራት ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ስለማይውል፣ ሰው ሲሞት አባላቱን በስልክ የምትጠራው እርሷ ናት። በዚያ ማክሰኞ አንድ አዛውንት ዐርፈው ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ስላደረ የእርሷ ስልክ ባትሪ ጨርሷል። እኔ የአፈር ሳይንስ መምህርት ነኝ፤ በዚያ ሰዓት የተማሪ ጥናት እያረምኩ ነበር። ስልኩን ሰጥቻት ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ሟቹ ማን እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅሁም። ይህን የምጽፈው ለራሴ ያደላሁ እንዳይመስል ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የስልኬ ጠባይ ተለወጠ። ጋዝ ለማስሞላት ባለሱቁ ጋ ብደውል፣ «ሃሎ» በማለት ፈንታ «ማን ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንነቴን ስነግረው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ዋጋ ቀነሰልኝ። አንድ ቀን አንድ ቁጥር ተሳስቼ ደወልኩና ወዲያው ዘጋሁት። ከአፍታ በኋላ የማላውቃት ሴት መልሳ ደወለች።

«ደውለሽልኝ ነበር» አለች።

«በስሕተት ነው፤ ይቅርታ።»

ቀስ ብላ፣ «ግዴለሽም ንገሪኝ። ተቀምጫለሁ» አለች።

«የምነግርሽ ነገር የለም።»

«አባባ ናቸው?»

አባባ ደህና መሆናቸውን ላረጋግጥላት አልችልም ነበር፤ አላውቃቸውም። ይህንኑ በትክክለኛ ቃላት ነገርኳት። እሪታዋ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አባባ ራሳቸው ደወሉና እንደማንም ሰው ሳይሆን እንደ ሕፃን ገሠጹኝ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የኮሚቴ ሰብሳቢው ነው። የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻዬን ሦስት ዓመት ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ፣ በሦስት ዓመትም አንድ ቀን ስልኬን አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው። በኅዳር መጀመሪያ ስደውልለት ገና መጥራት ሲጀምር አነሣው። ድምፄን ሲሰማ እጅግ ደስ አለው። በሕይወቴ አንድም የኮሚቴ ሰብሳቢ ድምፄን ሰምቶ ደስ ብሎት አያውቅም። ማመልከቻዬም በዚያው ሳምንት ታየ።

ምስጢሩን የፈታልኝ የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ደውዬለት ሮጦ መጣ፤ በሩ ላይ ሲያየኝ ቧንቧ መፍቻውን ይዞ ሳቀ። «እትዬ፣ ይህን አይተውታል?» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል የባለቤቱን ስም የሚያሳይ መተግበሪያ አለው፤ ዛሬ ያልጫነው ሰው ጥቂት ነው። መተግበሪያው ስሙን የሚያገኘው ሌሎች ሰዎች ቁጥሩን ምን ብለው እንደመዘገቡት አይቶ ነው። በእኔ ቁጥር ላይ የተጻፈው «የእድር መርዶ» ይላል።

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ።

«ቁጥሬን ለእድርተኛው ምን ብለሽ ነው የሰጠሽው?»

«እኔ እቴ! የእኔ ስልክ ሲዘጋ በዚህም ልትጠሩ ትችላላችሁ፣ መዝግቡት ነው ያልኩት። ምን አጠፋሁ?»

«ሰው ሁሉ ስደውል ያለቅሳል።»

«ዶክተርዬ፣ ቢያንስ ያነሡልሻል እኮ! እኔ ለወር መዋጮ ስደውል ማን ያነሣል?» አለችና አፏን በሻርፗ ይዛ ሳቀች። ሳቋ ወደ እኔ የተጋባው ዘግይቶ፣ ደረጃው ላይ ነው። ማንም እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አባላቱ ስሙን እንዲያጠፉ እንደምትነግራቸው ቃል ገባችልኝ። እኔ ግን «ሁለት ሳምንት ቆዪ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አልነገርኳትም።

ምክንያቱ ወንድሜ ነው። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ የቀረነው ሁለት ነን። እርሱ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ በተወለድንበት ቤት ይኖራል፤ ባሕር ዛፍ አሳድጎ ለግንባታ ይሸጣል። እኔ ባሕር ዛፍ አፈር እንደሚያደርቅ ስምንት ጽሑፍ አሳትሜአለሁ። ያጣላን ግን ይህ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት የሚስቱ እናት ሲሞቱ ጥናት ላቀርብ ውጭ አገር ነበርኩ። ከዚያው ሆኜ በስልክ የጽሑፍ መልእክት አጽናናኋቸው፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሥርዓተ ነጥቡ የተስተካከለ። ስመለስም ሥራ በዝቶብኝ ለቅሶ ሳልደርስ ወር አለፈ፤ ከዚያ በኋላ መሄዱ አሳፈረኝ። ወንድሜ ቁጥሬን ከስልኩ አጠፋው፤ ይህንንም በሰው አስነገረኝ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እደውላለሁ፤ አያነሣም። ድንገት ከሁለት አንዳችን ሳንነጋገር ብንሞት የሚለው ሐሳብ ጠዋት ጠዋት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ይመጣብኝ ነበር።

እንግዲህ በኅዳር የመጨረሻው እሑድ፣ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ደወልኩለት። ስሙ እንደሚታየው እያወቅሁ ነው የደወልኩት። ዘንግቼው ነበር ብል እዋሻለሁ።

ወዲያው ተነሣ። ያነሣችው ግን ሚስቱ ነበረች። ነፋሱ ዛፎቹን ሲያወዛውዝ ከድምፅዋ ይልቅ ይሰማ ነበር።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

ስሜን መናገር ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። «ከየካ አባዶ ነው» አልኩ።

«የካ አባዶ? ምን ሆነ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም። ሁሉም ደህና ነው» አልኩና ዘጋሁ። ከዚያም እንደ ልጅ ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚህ የከፋ ነገር መናገር አልችልም ነበር። ለእድርተኛ ሞት በስልክ ይነገራል፤ ለሥጋ ዘመድ ግን አይነገርም። «ትንሽ አሟታልና ና» ይባላል፤ «ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው» ይባላል። የሰማው ሰው ነገሩ እንዳለቀ ያውቃል። «የእድር መርዶ» የሚል ስልክ፣ እህቱ ከምትኖርበት ሰፈር ተደውሎ፣ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ተዘጋ። መልሰው ሲደውሉ ደግሞ ጠፍቷል።

ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ፈተና እያረምኩ ሳለ ከታች ጩኸት ሰማሁ። ቀስ በቀስ ደረጃውን ይወጣል። «እህቴን! ኧረ እህቴን!» የሚል የወንድ ድምፅ ነበር። ከአንዱ ቤት ሐዘን ገብቷል ብዬ አሰብኩ። ጎረቤቴ በሯን ስትከፍት ሰማሁ።

«ማን ሞተብን ደግሞ? ለእኔ ሳይነገረኝ?» አለች፤ ጸሐፊነቷ ተነክቷል።

«አራተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት» አላት አንዱ።

«ዶክተሬን! ኧረ ጠዋት እኮ ስለ ቆሻሻው ተጨቃጭቀናል! ኧረ ምን በላት? ልጆች፣ ድንኳኑን አውጡ!»

ይህን ሁሉ በግልጽ ሰምቼ ምንም አልገባኝም ነበር። በሕንፃችን ሌላም መምህርት አለች። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩና፣ «እባካችሁ፣ እዚህ የሚሠራ ሰው አለ» አልኩ።

ወንድሜ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፤ ጫማው ግራና ቀኙ የተለያየ ነው። ከኋላው ሚስቱና አምስት የእንጦጦ ሰፈራችን ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። በኮንትራት ሚኒባስ፣ በላምበረት በኩል፣ ሹፌሩን ሲያጣድፉ ነው የመጡት።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«እስካሁን ማንም አልሞተም።»

ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እያለቀሰ ነው ብዬ ልይዘው ጎንበስ ስል እየሳቀ ነበር። ዕንባውና ሳቁ ተደባልቆ መናገር አቃተው። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወገቧን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እናቴ ስትሞት አልመጣሽም» አለችኝ። «ለራስሽ ለቅሶ ግን ከነጎረቤቴ ጠራሽኝ!»

ሠላሳ ዓመት በትምህርት ስከራከር ኖሬ ያንን ዓረፍተ ነገር የሚያፈርስ አንድም ነገር አላገኘሁም። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ስደውልም ስሜን መናገር አቅቶኝ ነው።» ያኔ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ ስማኝ ሳታበቃ እርሷም ሳቋ አመለጣት።

ወደ ታች ስንወርድ ድንኳኑ ግማሹ ተተክሎ ነበር። ጎረቤቴ ከነካስማው ልታስፈርሰው ስትል የእድሩ ዳኛ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ «ከተተከለማ ይበላበት!» አሉ። ከየቤቱ ምሳ ወረደ። የእንጦጦ ሰዎች ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ መልሰው በቀኙ ለበሱ። የማላውቃቸው ሰዎች እየመጡ ከሟች ጋር ተጨባበጥን እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም እጄን ለሁሉም ሰጠሁ። የሚኒባሱ ሹፌር ሳይቀር ሁለት ጊዜ በላ። ወንድሜ በባሕር ዛፍ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ በአንድ ጉርሻ አፌን ዘግቶ ውድቅ አደረገው። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበት ቀን የለም፤ ከዚያ በፊት ባሉትም ስድስት ዓመታት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሊሄዱ ሲሉ ወንድሜ ቁጥሬን እንደገና ለመመዝገብ ስልኩን አወጣ። የሚስቱን መነጽር ተውሶ በአንድ ጣት ረጅም ጊዜ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ለሚስቱ አሳያት፤ በሳቅ ወደቀች። ለጎረቤቴ አሳያት፤ እርሷ ደግሞ ሻርፗን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ እጄን ስዘረጋ ስልኩን ኪሱ ከተተውና ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ያነሣል፤ ሲያነሣም አስቀድሞ ይስቃል። ጎረቤቴን ጠይቄአት «እርሱ ይንገርሽ» ብላኛለች። ስለዚህ፣ ወንድም ጋሼ፣ ጥያቄዬን እዚህ በጽሑፍ አቀርባለሁ፦ በስልክህ ላይ ስሜን ምን ብለህ ነው የጻፍከው? ፊደል በፊደል፣ ምንም ሳታስቀር፣ እስከ መጪው እሑድ መልስልኝ።