ጎን ያጣ ብረት

መምህር አበረ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይጁቤ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። የሚያገባት መቅዲም እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። አባቷ አቶ ደመላሽ የታወቁ ገበሬ ናቸው፤ ሽማግሌ የተላከባቸው ዕለት አበረን ቀና ብለው አዩትና "ለመሆኑ አባትህ ምን ይሠራሉ?" አሉት።

"ከዲማ ወዲያ ያርሳሉ" አለ።

ውሸቱን እኮ ነው! አባቱ አያ ወልደ ሩፋኤል ሞፈር ጨብጠው አያውቁም። ቀጥቃጭ ናቸው። የአገሩ ገበሬ ማረሻውን እሳቸው ዘንድ ሳያሠራ እርሻ አይገባም፤ ልጁን ግን ለቀጥቃጭ ልጅ አይድርም። ቡዳ ናቸው ይላላ! ወሬው ከወጣ ሠርግ የሚባል ነገር እንደማይኖር አበረ አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ አባቱን ሠርጉ ላይ ሊጠራቸውም አላሰበም፤ "ታመዋል" ሊል ቆርጦ ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አበረ በመሬት እምብርት ስላለው ብረት ሊያስተምር አስቦ፣ ለማሳያም ከከተማው ቀጥቃጭ ከየኋላሸት ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ጠዋት ግን የኋላሸት ለቅሶ ስለደረሰበት ሌላ ሰው መላኩ ተነገረው። ማን ይሆን ብሎ ሳይጨርስ የእሳት ማናፊያ ወናፍ የተሸከሙ ሽማግሌ በበሩ ገቡ። አባቱ ነበሩ።

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት። ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር በአግዳሚ የተቀመጡትን ወላጆችም አዩ። የሠርጉን ወሬ ገበያ ላይ ሰምተው ነበርና ልጃቸው የእሳቸውን ማንነት እንደደበቀ ወዲያው ገባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

"መምህር፣ እሳቱን የት ላንድድልዎ?"

ለገዛ ልጃቸው! አበረ ግን በእጁ ወደ ጥላው ጠቆመ። አይ አበረ! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ትምህርቱን ጀመረ። "ከእግራችን ሥር ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ብንወርድ፣ በአብዛኛው ብረት የሆነ ትልቅ ኳስ አለ። ሙቀቱ ከአምስት ሺህ ዲግሪ ያልፋል። ግን ጠጣር ነው፤ አይፈስም።"

ሕሊና የምትባል ጎበዝ ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ብረት በሺህ አምስት መቶ ምናምን ዲግሪ ይቀልጣል ብለውን አልነበር?"

ከወላጆቹ መሃል መቅዲ ጎን የተቀመጡት አቶ ደመላሽ ከት ብለው ሳቁ። "ልጅቷ እውነቷን ነው! እኔ ዕድሜ ልኬን ቀጥቃጭ ቤት ተቀምጬ ማረሻ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ብረት ሲግል ይለዝባል እንጂ መቼ ይጠነክራል?" ወላጆቹ ሁሉ አብረዋቸው ሳቁ።

አያ ወልደ ሩፋኤል የጋለውን ብረት በጉጠት አወጡና መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋደሙት። ወፍራም ነው፤ ሁለት መዶሻ ይፈልጋል። ረዳት ደግሞ የለም። ብረቱ ቅላቱ እየጠፋ ሄደ፤ ወላጆቹም ማጉረምረም ጀመሩ። አበረ ኮቱን ወርወር አድርጎ ትልቁን መዶሻ አነሳ።

አባት በትንሿ መዶሻ ቦታውን ነካ ያደርጋሉ፣ ልጅ እዚያው ላይ ያሳርፋል። ብረቱ ተዘረጋ። "አያችሁ?" አለ አበረ እያለከለከ። "ስንመታው ወደ ጎን ሸሸ። ጎን ስላገኘ ነው! እዚያ ታች ግን የላዩ ዓለም በሙሉ ከየአቅጣጫው ይጫነዋል፤ እኛ ላይ ካለው የአየር ግፊት ከሦስት ሚሊዮን እጥፍ በላይ! ወዴት ይሽሽ? አቶሞቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሊያላቅቃቸው አይችልም።"

አስተማረ፤ መታ፤ ደግሞ መታ። በየሦስተኛው ምት መዶሻውን ባዶው መስፍ ላይ አንድ ጊዜ ቀለል አድርጎ ያነጥረዋል፤ በዚያች ምት ክንዱን ያሳርፍባታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱ ጎን ቆሞ የለመዳት ናት። ማድረጉን እንኳ ልብ አላለም።

አቶ ደመላሽ ግን ልብ አሉ፤ ቀጥቃጭ ቤት ሲቀመጡ ያዩዋት የነበረች የቀጥቃጭ ልማድ ናት። ሳቃቸው ቆመ። ከአግዳሚው ተነሡ።

"መምህር፣ ይህን ማን አስተማረህ?"

አበረ መዶሻው አየር ላይ ቀረ። አሁን አንድ ቃል መናገር ነው፤ ወይ ሠርጉ ይተርፋል፣ ወይ አይተርፍም።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አሉ አያ ወልደ ሩፋኤል ጣልቃ ገብተው። "ጠዋት አሳየኋቸው፤ ፈጣን ናቸው መምህሩ።"

"አንተን ማን ጠየቀህ!" አሉ አቶ ደመላሽ።

አንተ! ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሰው! አበረ ደሙ ፈላ።

"አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ" አለ። "እኒህ ናቸው አባቴ። አርሰው አያውቁም፤ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።"

አቶ ደመላሽ ዱላቸውን አነሡና "ተነሽ፣ መቅዲ" አሉ። እሷ ግን ቀጥታ አበረ ዘንድ መጣች።

"ለአባቴስ ይሁን። ለእኔም እንዲህ ትዋሻለህ? እኔ አባትህ ብረት ሠሩ፣ እርሻ አረሱ ብዬ የምተውህ ነበርኩ?"

አባቷን ተከትላ ወጣች። ሠርጉም በዚያው ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ እሑድ መጥተው ነገሩት።

በዚያው በወላጆች ቀን ከሰዓት አበረ ወናፉን ከአባቱ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ። ገበያው አፋፍ ሲደርሱ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

"በጓሮ እንዙር፣ ልጄ። ሰው ያይሃል።"

"ይየኝ" አለና በመሃል ገበያው ገባ። ሰው እያየ መንገድ ለቀቀላቸው። ሰላም ያለው ግን አልነበረም።

"አውቃለሁ፣ አትጠራኝም ነበር" አሉ አያ ወልደ ሩፋኤል ጥቂት እንደሄዱ። "ብቻ ለሠርግህ ሥጋ ሁለት ቢላዋ ሠርቼልህ ነበር። ማን እንደሠራቸው ሳይነገርህ በሰው እጅ ልልክልህ።"

አበረ እዚያው ጨው ተራው አጠገብ ቆመ። ወናፉን መሬት አስቀመጠና የአባቱን እጅ ይዞ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው፣ አለቀሰ።