ሆዴን ያሳየሁበት ዓመት

ደባርቅ ላይ ጂም የተከፈተው እኔ ሥራ ባጣሁበት ወቅት ነው። የሰሜን ተራሮችን የማስጎበኝ ሰው ነኝ። መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ የውጭ እንግዳ ቀረ፤ እኔም ቤት ዋልሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሚስቴ አስተማሪ ናት። እሷ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትወጣ እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ። ስልኩ ውስጥ ሆዳቸው እንደ ጡብ የተደረደረ ወንዶች ነበሩ፤ አንዱን ሳልፈው ሌላው ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ሆዴን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ቀበቶ የማስርበት ቦታ ነበር፣ በቃ።

ጂሙ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት። አሠልጣኙ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ አፉ የሚጣፍጥ ሰው ነው። ሸሚዙን አውልቆ የተነሣውን ፎቶ በቁመቱ ልክ አሳትሞ በሩ ላይ ለጥፎታል። በመጀመሪያው ቀን ፎቶውን ትኩር ብዬ ሳይ አገኘኝ።

«አንተ ተራራ የምትወጣ ሰው ነህ፤ ላንተማ ቀላል ነው» አለኝ። «በሦስት ወር እንዲህ ስድስት ቦታ የተከፈለ ሲክስ ፓክ ታወጣለህ።»

«ምን ማድረግ አለብኝ?»

«መምጣት ብቻ።»

ይህችን «መምጣት ብቻ» ያላትን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሦስት ወር ሙሉ ሄድሁ። መሬት ላይ ተኝቶ ወገብን ማንሣት የሚባለውን በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ሠራሁት። ሳል ሲይዘኝ እንኳ ጎኔን ደግፌ ነበር የምስለው። ሆዴ ሲነካ እንደ ጣውላ ጠነከረ፤ ሲታይ ግን ያው የድሮው ሆድ ነው። አሠልጣኙን ጠየቅሁት። በሁለት ጣቱ የሆዴን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ።

«ጡንቻውማ አለ። ይኼ ስብ ነው የሸፈነው። እሱን የሚያነሣልህ ደግሞ ስፖርቱ አይደለም፤ ምግብ መቀነስ አለብህ።»

«ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ሰው ሲጀምር እንዲህ ያለ ነገር መስማት አይፈልግም» አለና ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

ያኔውኑ ጥዬ መውጣት ነበረብኝ። ግን እልኸኛ ነኝ፤ የሦስት ወር ልፋቴ ከንቱ ሲቀር አልታየኝም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሁሉም ሰው ሲጾም እኔም የምጾም መሰልሁ። እንጀራውን በግማሽ ቀነስሁ፣ ቀጥሎ በሩብ። ዘይት የነካው ሽሮ ቀረ። የተቀቀለ ምስርና ጎመን ብቻ ሆነ ምግቤ፤ እሱንም በትንሽ ሚዛን እየመዘንሁ።

መጀመሪያ የራቀኝ ሙቀቴ ነው። የደባርቅ ብርድ የለመድሁት ነው፤ ያን ሰሞን ግን ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሁለት ጃኬት ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ እንቅልፌ ሄደ። ከዚያ፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ሚስቴን መፈለግ ተውሁ። ቀኑን ሙሉ የማስበው ምግብ ነው። የጎረቤት ዝክር ቀረሁ፤ ማኅበር ሲጠሩኝ አመመኝ እላለሁ። የጂም ጓደኞቼ ደግሞ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አምሮብሃል፣ ሊወጣልህ ነው» ይሉኛል። በዚያች ቃል ሳምንት እከርማለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሚስቴ ሚዛኑን አይታ፣ «ያገባሁት ሰው ያስቀኝ ነበር» አለች። «አሁን ቤቴ ያለው ምስር የሚመዝን ሰው ነው።»

«አንቺ ስለማታውቂው ነው።»

«ምኑን ነው የማላውቀው? መራብን?»

ሳህኑን ገፍቼ ተነሣሁ። ያን ሰሞን ሳህን ገፍቶ መነሣት ልማዴ ሆኖ ነበር። በር ወርውሮ መዝጋት፣ ባጃጅ ነጂ ላይ መጮህ፣ በረባ ባልረባው መቆጣት። ዲሲፕሊን ይሉታል ስልኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች። እኔ ግን ርቦኝ ነበር፤ የራበው ሰው ደግሞ ክፉ ይሆናል።

ለፋሲካ ዳባት ሄድን። አባቴ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። ሁዳዴውን ከቅዳሴ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ እየቀመሱ ነው የጨረሱት። ረፋድ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ማዕዱ ተባርኮ ስንቀመጥ፣ አባቴ ከዶሮ ወጡ ጠቅለል አድርገው ጉርሻ ዘረጉልኝ።

«ይቅርብኝ፣ አባ።»

«ጾሙ ተፈታ እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ቅቤ አለበት።»

እጃቸውን አልመለሱም። አጥንቱ የወጣውን ፊቴን ነበር የሚያዩት። «አሞሃል?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላመመኝም አልሁዎት። ተዉኝ» ብዬ ጮኽሁባቸው። አባቴ ላይ፣ በትንሣኤ ቀን፣ ጎረቤት ተቀምጦ እያየ። ሚስቴ መሬት መሬት አየች። አባቴ ጉርሻውን ቀስ አድርገው ከመሶቡ ዳር አኖሩት። «እኔ ስጾም ሰው አላስቀይምም» አሉ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም። ያን ዕለት ከነበረው ሁሉ የበለጠ የሚያበግነኝ ይህ ነው፤ ይቅርታ ሳልጠይቅ በማግስቱ ወደ ደባርቅ ተመለስሁ።

በግንቦት ሆዴ ታየ። ስድስቱም ተቆጥረው ይለያሉ። አሠልጣኙ ደስ ብሎት፣ «አሁን ፎቶ እናነሣሃለን፤ በር ላይ እለጥፈዋለሁ» አለ። ዝግጅቱን ነገረኝ። ሁለት ቀን ጨው የለም። የመጨረሻው ቀን ውኃ የለም። ምላሴ ከላንቃዬ እየተጣበቀ ሄድሁ። ቅባት ቀባኝ፣ ፑሽ አፕ አሠራኝ፣ መብራቱን ከጎን አደረገውና ትንፋሼን አስይዞ አነሣኝ። ፎቶውን ሳየው ራሴን አላወቅሁትም። ፊቱን ሸፍናችሁ ብታዩት ስልክ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። ቤት ገብቼ ውኃ ጠጣሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ሆዴን በመስታወት ሳየው ግማሹ ጠፍቷል።

ተመልሼ ሄድሁ። «በር ላይ ያለው ያንተ ፎቶ መቼ የተነሣኸው ነው?» አልሁት።

«የዛሬ አራት ዓመት።»

«አሁንስ?»

ሳቀ። ቲሸርቱን ገለጥ አደረገ። ደህና ሆድ ነው፤ የጤነኛ ሰው ሆድ፤ ምንም የተለየ ነገር የለበትም። «እንደ ፎቶው ሆኖ የሚኖር ሰው አለ እንዴ? እኔም ያኔ ልሞት ነበር» አለ።

«ለምን ደበቅኸን?»

«ብነግራችሁ ትመጡ ነበር?»

እየሳቀ ነው ይህን ያለው። ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር፤ ክንዴ ዛለብኝ። ሰው ለመምታት የሚበቃ አቅም እንኳ አልነበረኝም።

ሰኔ ላይ መንገዱ ትንሽ ቀና ብሎ ሁለት እንግዶች መጡ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ነው። ጓዛቸውን የጫንነው በአንድ የአምባራስ መንደር ገበሬ በቅሎ ነበር፤ ሰውዬው ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ናቸው። እንግዶች ወደሚያድሩበት ወደ ጊች የሚያወጣውን ዳገት በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። በዚያ ቀን ግን ግማሹ ላይ ዓይኔ ጨለመና እንግዶቹ ፊት ተዘረጋሁ። ሳልነቃ ብዙ አልቆየሁም። ስነቃ ሰውዬው ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከአገልግላቸው ያወጡትን የገብስ ቂጣ በእጄ አስያዙኝ።

«ብላ፣ ወንድሜ።»

ሳልመዝን በላሁ። ሁሉንም በላሁ። ከዚያ የእንግዶቹን ጓዝ ከበቅሎዋ አውርደው ራሳቸው ተሸከሙና እኔን በቅሎዋ ላይ አወጡኝ። መንገድ መሪው ተጭኖ፣ እንግዶቹ በእግራቸው እየተከተሉ ጊች ደረስን።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ሸሚዛቸውን አውልቀው ወንዝ ዳር ላባቸውን ሲታጠቡ አየኋቸው። ሆዳቸው እንደ እኔ ነው። እንደ እኔ አይደለም፤ ከእኔ ይበልጣል። እያንዳንዱ ጡንቻ ተለይቶ፣ የጎናቸው አጥንት ተቆጥሮ ይታያል። ቅባት የለ፣ መብራት የለ።

«ይህ ሆድ እንዴት መጣ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ያን ጥያቄ በመጠየቄ አሁንም ራሴን እጠላለሁ።

ወደ ታች አዩትና ቶሎ ሸሚዛቸውን ለበሱ። አፍረው ነበር። «ይኸማ የሰኔ ሆድ ነው። የጎተራው ገብስ ሲያልቅ እንዲህ ያደርገናል። እሸት ሲደርስ ይጠፋል፣ እግዜር ቢል።»

«ቂጣውስ? ምሳዎ አልነበረም እንዴ?»

«አንተ ወድቀህ እኔ እበላለሁ?» አሉኝ።

ፎቶዬ ስልኬ ውስጥ ነበር። አላሳየኋቸውም። እሳቸው በችግር ያመጡትን ሆድ እኔ ቤቴ እህል እያለ፣ ሚስቴ ሠርታ እያቀረበችልኝ፣ በሚዛን ተግቼ ያመጣሁት ነው። በዚያ ላይ ምሳቸውን በላሁባቸው። ወንዙ ዳር ተቀምጬ ጥርሴን እያፋጨሁ ቆየሁ። በማን እንደተናደድሁ ለይቼ አላውቀውም ነበር፤ በአሠልጣኙ፣ በስልኩ፣ በራሴ፣ በሰኔም።

ከተራራው ስወርድ ቤቴ ሳልገባ ዳባት ሄድሁ። አባቴን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ «በፋሲካ ስለጮኽሁብዎት ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ቀጥለው፣ «ሳንባህን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አባቴ ከፋሲካ ጀምሮ የሳንባ በሽታ ይዞኝ የደበቅኋቸው ይመስላቸው ነበር። በየቅዳሴው ስሜን እየጠሩ ሲጸልዩልኝ ከርመዋል። ጠበል በጀሪካን አስቀድተው አስቀምጠውልኛል። ለፎቶ ብዬ ነው ማለት ከበደኝ፤ ግን ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በሁለት ወር ሰውነቴ ተመለሰ። እንቅልፌም፣ ሳቄም፣ ከሚስቴ ጋር ያለኝ ነገርም ቀስ በቀስ መጣ። ነሐሴ ላይ ጂም ሄጄ በሩ ላይ የለጠፈውን ፎቶዬን እንዲያወርደው አሠልጣኙን ጠየቅሁት። «ሰው የሚመጣው በሱ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ራሴ ገነጠልሁት። ከዚያ ውስጥ ገብቼ፣ ብረት የሚያነሡትን አስቁሜ፣ ስለ ጨውና ውኃው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ትዳሬ፣ ስለ ዳገቱ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ብረት ማንሣት ጥሩ ነው፣ እኔም አልተውሁትም፤ ይህን የሚታይ ሆድ ግን ከፈለጋችሁ ይህን ሁሉ ሰጥታችሁ ነው የምትገዙት፣ እሱም አይበረክትም አልኋቸው። ሁሉም አዳመጡኝ።

ስጨርስ ከኋላ የቆመ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ።

«ግን ጨው የተውኸው ስንት ቀን ነው? ሁለት ነው ሦስት?»

መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። እስከ መናኸሪያው ድረስ ብቻዬን እየተሳደብሁ ሄድሁ።