ጥቁር ያልለበሰች ጀልባ

ሸራ ሰፊው አራት ጥቅል ዘርግቶልን ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቢጫ። ሱቁ ወረታ መናኸሪያ ጀርባ ነው። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ የአይሱዙ ሸራና የባጃጅ ወንበር ሲሰፋ የኖረ ነው እንጂ ጀልባ አልብሶ አያውቅም። አብሮኝ የመጣው የባሌ ታላቅ ወንድም ጥቁሩን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይኼ ይሆናል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሸራ ሰፊው። እኔም እጄን ቢጫው ላይ አሳረፍኩና «ይኼን ለካልኝ» አልኩት። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ ነበር።

ያኔ ባሌ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ትቶልኝ የሄደው ጀልባዋን ነው፤ ትንሽ የሞተር ጀልባ። በበጋ ጣና ላይ ዓሣ ያሠግርባት ነበር። ክረምት ገብቶ ርብ ወንዝ ሲሞላ፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ለብሶ ሰፈራችን ከወረታ ሲቆረጥ፣ በሩዙ ላይ እየነዳ መንገደኛና በሽተኛ ያሻግርባት ነበር። ሞተር መያዝ የለመድኩት አብሬው እየወጣሁ ነው። የሩዝ አገዳ ሲጠመጠምበት አጥፍቶ መንቀል፣ በውሃ የተዋጠው የማሳ ክትር የት ላይ እንዳለ ማወቅ፣ ሁሉንም ያሳየኝ እሱ ነው።

ካቻምና ነሐሴ ግን በሽተኛው እሱ ሆነ። ትኩሳቱ ሲበረታበት ጀልባዋ ላይ አጋድሜው ሞተሩን አስነሣሁ። ዝናቡ ከሰፈራችን እስከ አስፋልቱ አላባራም። ጋቢ ደረብኩለት፣ ጋቢው ውሃ ጠጣ። ላስቲክ ደረብኩለት፣ ነፋሱ ገፈፈው። አንድ እጄ ሞተሩን ይዟል፤ በቀረው እጄ ምኑን ልሸፍን? ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ እስከ ኋላ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ዝናቡ ነው የገደለው አልልም፣ እነሱም አላሉም። ግን የታመመ ሰው እንደዚያ በዝናብ ሲደበደብ ማየት አንጀቴን ቆረጠው። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለእናቱማ በየትኛው አፌ። ለራሴ ግን ማልኩ፦ ከእንግዲህ እዚያች ጀልባ ላይ ማንም ረጥቦ አይተኛም።

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ቢጫ?» አለ የባሌ ወንድም። «አገር ምን ይላል? የሟች ንብረት እኮ ናት። ሸራ ካስፈለጋት ጥቁር ትልበስ፤ አለዚያ ትሸጥና እረፊ።»

«ጋሼ፣ ጥቁር ነገር በደፈረሰ ውሃ ላይ ከሩቅ አይለይም። በሽተኛ ያለበት ቤት ገና ብቅ ስል አይቶኝ ይሰናዳ።»

ይኼ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፤ ቢጫው ደስ አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ደስ ያለኝ ነገር ያ ሸራ ብቻ ነበር፣ ምን ያስደብቀኛል። የባሌ ወንድም ፊቱን ቋጥሮ ወጣ፣ እኔም «ደህና ግባ» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሸራ ሰፊው የጀልባዋን ርዝመትና ስፋት ተቀበለኝ። በቀጠሮዬ ስመለስ የአይሱዙ ሸራ ሰፍቶ ጠበቀኝ። አራት ማዕዘን፣ ዙሪያውን የብረት ቀለበት የተመታበት፣ ጥርት ያለ ሥራ ነው፤ ግን ጠፍጣፋ። አይሱዙ ከሥር ጭነቱ ሽቅብ ይገፋለታል፤ የእኔ ጀልባ ከሥሯ ያለው የተኛ ሰው ነው። በአራት እንጨት ላይ ወጥሮ ሲያሳየኝ፣ አንድ ጆግ ውሃ ስጠኝ አልኩና መሐሉ ላይ ደፋሁበት። ሸራው እንደ ገንዳ ያዘው።

«በል እንግዲህ፣ ዳክዬ ግዛልኝ» አልኩት።

መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ግን ሳቁ አመለጠው። ቀጭን ፌሮ አጉብጦ እንደ ባጃጅ ጣሪያ ቆልመም አደረገው። በግራና በቀኝ ተጠቅልሎ የሚወጣ፣ ሲፈለግ ወርዶ በገመድ የሚታሰር መጋረጃ ጨመረበት። ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ ሸፈናት። ሞተሩ ዘንድ፣ እኔ የምቀመጥበት አይደርስም፤ በሽተኛ እንጂ ነጂ ትዝ አላለኝም ነበር።

ሰፈር ውስጥ ጀልባዋ ወዲያው ስም ወጣላት፤ «ጀሪካኗ» አሏት፣ የዘይቱን ቢጫ ጀሪካን ማለታቸው ነው። ውሃ ዳር የሚያጥቡት ሴቶች ሳልፍ «ጀሪካንሽ ዘይት አላት ወይ?» ይሉኛል። «አላት፣ ለምላሳችሁ ማለስለሻ» እላለሁ። አማቴ ግን አልቀለዱም። የልጃቸውን ጀልባ ቢጫ አልብሼ ሲያዩ ሐዘኑን የጣልኩት መሰላቸው። ሰላምታዬን መቀበል ተዉ፤ «ሞቼ ካልሆነ እዚያ ጀሪካን ውስጥ አልገባም» ማለታቸውንም ሰማሁ። በመጨረሻ የነፍስ አባታችንን ላኩብኝ።

«ልጄ፣ ሰው ቅር ብሎታል» አሉኝ አባ፣ ቀስ ብለው።

«አባቴ፣ ጥቁሩን እኔ ለብሻለሁ። ጀልባዋ ባል አልሞተባትም።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝና አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉ። «ይኼንን ለእናቲቱ አላደርስም» ብለውኝ ሄዱ።

ሐምሌ ላይ ርብ ሞላ። አንድ ጠዋት የባሌ ወንድም ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እየተራመደ መጣ። ከሸራው ጉዳይ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም።

«እማዬ ትንፋሽ አጥሯታል» አለ። ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ጀልባዋ ወረወረ። «ሸራውን ግን አንሺው። በሱ ውስጥ አልገባም ብላለች።»

ዝናቡ ያወርደዋል።

«አይነሣም» አልኩ።

«እናቴ እኮ ናት!»

«ስለሆነች ነው የማይነሣው። እኔ ሰው አርጥቤ አልወስድም። ካልፈለጋችሁ በደንገል ታንኳ ውሰዷት።»

በዚያ ሙላት ታንኳ የሚደፍር እንደሌለ እሱም እኔም እናውቃለን። ክፉ ነበርኩ? እንግዲያው ክፉ ልሁን። ዞሮ ሄደ። ባይመለስስ? አሮጊቷ በእኔ እልህ ቢሞቱስ? ሞተሩን አስነሥቼ ጠበቅኩ። ሸራውን ግን አልነካሁትም።

ከጎረቤት ወንዶች ጋር ቃሬዛ ተሸክሞ ተመለሰ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡ። ልጃቸው ራሳቸውን ጭኑ ላይ አሳረፈ፣ እኔ መጋረጃውን አውርጄ አሰርኩና ተነሣን። የተኙበትን ማየት እንድችል በእኔ በኩል ያለው ክፍት ነበር። ሩዙ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ባሰበት፣ ሸራውን እንደ ከበሮ ይመታው ጀመር። አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን ዘርግተው ሸራውን ከውስጥ በኩል ዳበሱት፤ ጣታቸውን አዩት፣ ደረቅ ነው። እንደገና ዳበሱት።

«ያን ጊዜ ልጄን በምን ሸፍነሽ ወሰድሽው?» አሉኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«በጋቢ።»

«ጋቢውስ?»

«ውሃ ጠጣ፣ እማማ።»

የባሌ ወንድም አቀረቀረ። የአማቴ እጅ ሸራው ላይ ቀረ፤ ልብስ እንደሚገዛ ሰው በጣታቸው ያሹታል። ብዙ ከሄድን በኋላ ቀና ብለው አዩኝ። ውሃው ከፀጉሬ ወደ አንገቴ ይወርዳል።

«አንቺስ፣ ልጄ፣ እየረጠብሽ እኮ ነው። ወዲህ ግቢ።»

«ሞተሩን ማን ይያዝልኝ፣ እማማ?»

ሁሉን ትቼ እግራቸው ሥር ባለቅስ ደስ ባለኝ፣ ግን ከፊታችን የማሳ ክትር ነበር። ዞር አድርጌ አሳለፍኳት።

አማቴ ዳኑ። ኅዳር ላይ ለቁርጥማታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ሰንብተው መጡ። ዘንድሮ ግንቦት ለነጂው የሚሆን ሸራ ላሰፋ ስነሣ፣ «እኔም አለሁበት» ብለው ባጃጅ ውስጥ ቀድመውኝ ተቀመጡ። ሸራ ሰፊው ከነሐዘን ልብሳቸው ሲያያቸው ቢጫውን አልደፈረም። ጥቁሩን ጥቅል አውርዶ ፊታቸው ዘረጋው።

አማቴ በከዘራቸው ገፋ አደረጉት።

«ይኼን ወዲያ አንሣው» አሉት። «ነጂዋም ከሩቅ ትታይ።»