ለአያ ደሴ የሰጠሁት ኳስ

የሚዋደድ ቡድን ያሸንፋል የሚሉት ነገር ውሸት ነው። እኛ እንዋደድ ነበር፤ በየሳምንቱም እንሸነፍ ነበር።

ይህን ነገር ያስነሣችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን ለኮሌጇ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ባለፈው እሑድ ደውላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቀን እናሸንፋለን፣ ሁለት ቀን እንሸነፋለን። ሳያቋርጡ ለማሸነፍ ምንድን ነው የሚያስፈልገው?» አለችኝ። አሠልጣኟ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሏቸዋል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የታሰረ አንበሳ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ጓደኞቿ ቁመት ነው ይላሉ። እናቷ ደግሞ በደንብ ስለማትበሉ ነው ብላታለች። እኔም በስልክ አንድ የቆየ ነገር ነገርኳት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልተወኝም።

ጎንደር ኮሌጅ የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሜዳችን ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ነበር፤ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ። ኳስ ካመለጠች ቁልቁል ተንከባልላ የምትገኘው ጅረቱ ዳር ነው። ክረምቱ ሲወጣ በስንጥቁ የበቀለውን ሣር በእጃችን እየነቀልን ልምምድ እንጀምራለን። ጠዋት ከሰሜን በኩል የሚወርደው ንፋስ ጣት ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ኳስ ሲቀበል ምን እንደሚሰማው ላልቀመሰው ማስረዳት አልችልም።

አምበላችን አያ ደሴ ይባሉ ነበር። ከመካነ ብርሃን የመጡ፣ በደጋው ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመት አስተምረው ዲፕሎማ ለመያዝ የተመለሱ፣ ሠላሳ አምስትን የዘለሉ ሰው ናቸው። እኛ ከሃያ አንዘልም። ትከሻቸው ሰፊ ነበር፤ በጥሩ ዘመናቸው ቅርጫት ሥር ሲቆሙ የሚያነቃንቃቸው አልነበረም ይባላል። ከልምምድ በኋላ ከቤታቸው የመጣላቸውን የገብስ በሶ በትልቅ ኩባያ በጥብጠው፣ ሚጥሚጣ ጣል አድርገው ለሁላችንም ያዞሩታል። እሳቸው የሚጠጡት መጨረሻ ላይ የቀረውን ነው። ወባ ጥሎኝ በተኛሁ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ውሃ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አለመውደድ አይቻልም። ችግራችንም ይኸው ነበር።

አሠልጣኛችን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ የስፖርት መምህር ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለ ያስተማሩት አያ ደሴ ናቸው። ስለዚህ እሳቸው ወደ ሜዳ ሲገቡ አሠልጣኙ ብድግ ይላል። እኛም ሰው እየገፋን፣ ላብ ዓይናችን ውስጥ እየገባ፣ «አያ፣ ያቀብሉኝ!» ነው የምንለው። ተጋጣሚዎቻችን «አቀብል!» ብለው ኳሱን ይዘው ሲሄዱ እኛ ገና አክብሮቱን አልጨረስንም።

በእኛ አገር ማዕድ ላይ ታላቅ ሳይቆርስ እጅ አይዘረጋም። ለማዕድ ሸጋ ልማድ ነው። እኛ ግን ልማዱን ወደ ቅርጫት ኳስ አመጣነው። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ደቂቃዎች ጥሩ ይሄዳል፤ እንሮጣለን፣ እንቀባበላለን፣ እንመራለን። ነጥቡ ሲቀራረብና ነገሩ ሲከብድ ግን እሳቸው እያሉ ሌላ ሰው ኳሱን ቢወረውር ድፍረት ይመስለናል። ኳሱ ወደ አያ ደሴ ይሄዳል። እሳቸው ሁለት ረጃጅም ተከላካዮች መሃል ቆመው ይቀበላሉ፣ ይዘላሉ፣ ይስታሉ። ድሮ የሚዘሉትን ያህል እንደማይዘሉ ሁላችንም እናያለን።

አይተን ግን ዝም አላልንም። በምግብ አዳራሹ፣ እሳቸው ሳይመጡ፣ በሽሮው ላይ ስለ አያ ደሴ ጉልበት ያደረግነው ትንተና እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው የስፖርት ጽሑፎች ሁሉ ይበልጣል። ሲመጡ ግን ቦታ እንለቅላቸዋለን፣ «አያ፣ ዛሬማ ዕድል ነው የጎደለን» እንላለን።

በቡድኑ ውስጥ ጥበቡ የሚባል ዲያቆን ነበር። አጭር ነው፤ ግን ከማዕዘን ሲወረውር ብዙም አይስትም። ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በከተማው ካሉት የአቋቋም ቤቶች በአንዱ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬ ከነእርምጃውና ከነመቋሚያው ተምሯል። አንድ ቀን ለአሠልጣኙ እንዲህ አለው፦

«እኛ ቤት አንዱ እርምጃ ከሳተ ‹ተመለስ!› ይባላል። ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጺሙ የሸበተ ቄስም ቢሆን ይመለሳል። እዚህም እንዲህ ብናደርግስ?»

አሠልጣኙ ወደደው። ከዚያ በኋላ ልምምድ ላይ ስህተት ያየ ሁሉ «ተመለስ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሁላችንም ወደ መሥመሩ ተመልሰን ያንኑ እንደግማለን። መጀመሪያ ላይ ሳቅን። አንድ የደብረ ታቦር ልጅ ስድስት ጊዜ ከመለሰን በኋላ፣ «እኔኮ ለኳስ ነው የመጣሁት፤ ለቅስና አይደለም» ብሎ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እግራችን መስማማት ጀመረ።

አንድ ጠዋት አያ ደሴ ሳቱ። ጥበቡ ማዕዘኑ ላይ ብቻውን ቆሞ ሳለ ሁለት ሰው ላይ ዘለው ወረወሩ፤ ኳሷ ከብረቱ ጋር ተጋጭታ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ወረደች። ማንም አልጮኸም። አሠልጣኙ ፊሽካውን ማጽዳት ጀመረ። ኳሷን ለማምጣት አብረን ስንወርድ ጥበቡን ያዝኩት።

«ምነው ዝም አልክ? ደንቡ ያንተ አይደለም ወይ?»

«እዚያ አቋቋም ቤት የኔታ አሉ» አለኝ። «የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ማን ነኝና ነው አያ ደሴን ‹ተመለስ› የምል? አንተስ ለምን አላልክም?»

ለምን እንዳላልኩ ታውቃላችሁ። ወባ ጥሎኝ ሳለ ከእጃቸው የጠጣሁት ውሃ ነው አፌን የያዘው።

በዚያው ሰሞን ዲኑ ጠሩን። ሰውየው ቃል አያባክኑም። «በየሳምንቱ የሚሸነፍ ቡድን በአውቶቡስ አላመላልስም። የቀረችውን አንዷን ጨዋታ ካላሸነፋችሁ ቅርጫት ኳስ በዚህ ግቢ አበቃ። ቦታውን ለመማሪያ ክፍል እፈልገዋለሁ።» አያ ደሴ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እናሸንፋለን፣ ጌታዬ» አሉ። እኛም አምነን ወጣን፤ ከእምነታችን በቀር የለወጥነው ነገር አልነበረም።

ጨዋታው የዋለው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በባሕር ዳር መንገድ በሚገኝ ሌላ ኮሌጅ ነው። በእረፍት ሰዓት በስምንት ነጥብ እንመራ ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ሲገፋ ልዩነቱ ቀለጠ። የእነሱ ተማሪዎች አካሄዳችንን አስቀድመው አጥንተውታል መሰለኝ፣ ኳሱን እያነጠርኩ በወጣሁ ቁጥር ከዳር ሆነው «ለአባባ! ለአባባ ስጣቸው!» እያሉ ይዘምራሉ። ጠላት ምክር ሲሰጥ መቀበል ሞኝነት ነው፤ እኔ ግን ተቀበልኩ።

በአንድ ነጥብ እየተመራን ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ኳሱ እጄ ላይ ነበር። ጥበቡ በግራ ማዕዘን ብቻውን ቆሟል። እጁን አንሥቷል፤ አልጮኸም። አየሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን። አያ ደሴ ቅርጫቱ ሥር፣ ሁለቱ ረጃጅሞች ከፊትና ከኋላ ይዘዋቸው ቆመዋል። ለአያ ደሴ ሰጠሁ። ተቀበሉ፣ ዘለሉ፤ ኳሷ የብረቱን ጠርዝ ዞራ ወደ ውጭ ወደቀች። ፊሽካው ተነፋ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጠዳ ላይ ቆመ። ሴቶች የሽምብራ እሸት በእቅፍ ይዘው ወደ መስኮቱ መጡ። አያ ደሴ አንድ እቅፍ ገዝተው አጠገቤ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ለሁሉም አካፈሉ። እሸቱ ጨው ጨው ይላል፣ ጣትን ያጣብቃል። እየፈለፈልን ጉዞ ቀጠልን። አዘዞ ልንደርስ ስንል፣

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ጥበቡን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«እርስዎ እያሉ፣ አያ…»

እጃቸውን ከእሸቱ አነሡ። «ጉልበቴ ከጥቅምት ጀምሮ ታሟል። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ ባየሁ ቁጥር ‹ምነው ለሌላ በሰጡ› እላለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለ ከኋላ ወንበር ጥበቡ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አያ ደሴ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ይመስለኛል።

«ምን ልበላችሁ? አክብራችሁ ስትሰጡኝ ልመልስባችሁ? ጉርሻ ይመለሳል?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ልጆቹ ቅር ይላቸዋል ብዬ ነው።»

እኛ እሳቸውን ላለማስቀየም ሰጠን፤ እሳቸው እኛን ላለማስቀየም ተቀበሉ። በመሃል ቡድኑ ሞተ። በዓመቱ ሜዳው ላይ የመማሪያ ክፍል ተሠራ። አያ ደሴ ዲፕሎማቸውን ይዘው ወደ መካነ ብርሃን ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቡድን አይቻለሁ፤ ኳስ የሚጫወቱም፣ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡም። አንድ ቀን ማሸነፍ ቀላል ነው፤ ቁመት ያሸንፋል፣ ዕድል ያሸንፋል፣ የተጋጣሚ ሆድ ቁርጠትም ያሸንፋል። ሳምንት በሳምንት ማሸነፍ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሁሉም ቡድን በየሳምንቱ ይስታል፤ ልዩነቱ ቅዳሜ የሳቱት ነገር እስከሚቀጥለው ቅዳሜ መጠገኑ ላይ ነው። ፊት ለፊት ያልተነገረ ስህተት ደግሞ አይጠገንም፤ እንዳለ ታጥፎ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ይጓዛል። እኛ ማወቅም መዋደድም አላጠረንም። ያጠረን ያወቅነውን ለምንወደው ሰው የሚናገር አንድ አፍ ነው።

አሁን ዕድሜዬ አያ ደሴ ከነበሩበት አልፏል። ቢሮ ስገባ ወጣቶቹ ይነሡልኛል። የምጽፈውን ሁሉ «በጣም ጥሩ ነው፣ ጋሼ» ይሉኛል፤ ሁሉ ነገር በጣም ጥሩ ሊሆን እንደማይችል የማውቀው እኔው ነኝ። እኔ ከምሳ ስቀር ምን እንደሚባባሉም እገምታለሁ፤ በዚያ ሽሮ ዙሪያ ተቀምጬ የተማርኩት ነው።

አንተ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታነብ በልብህ የመጣ አንድ የምታከብረው ሰው አለ፤ የት እንደሚስትም ታውቃለህ። ለጓደኞችህ ነግረሃቸዋል፤ ይበቃል። አሁን ሂድና ለራሱ ንገረው።