የምሳ ሰዓት ጠባቂ

ባለፈው ኅዳር አባቴ በሞተ በሳምንቱ ከመቃብር ስፍራው ቢሮ ተደወለልኝ። የደወለው ልጅ ትሁት ነበር። መሬቱን ውርጭ ሳይዘው ጉድጓዱን ጠዋት በማሽን እንደቆፈሩት፣ እስከ ነገው ቀብር በሳንቃ እንደሸፈኑት፣ እኔም ምንም ማሰብ እንደሌለብኝ ነገረኝ። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁና ካፖርቴን መፈለግ ጀመርኩ። ባለቤቴ "ወዴት ነው?" ቢለኝ "የአባ ጉድጓድ ብቻውን አይውልም" አልኩት። ነገሩን ስለሚያውቅ ሌላ ሳይጠይቅ ፔርሙዙን በሻይ ሞላልኝ።

ለማያውቅ ሰው ግን ከመነሻው ማውራት አለብኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ ዓመታት ማብቂያ አካባቢ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ለክረምቱ በአሮጌው የኦስሎ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ በሚካሄድ ቁፋሮ ሥራ አገኘሁ። ቦታው ላይ አፓርታማ ሊሠራበት ስለነበረ ከሥሩ ያለው ሁሉ ቀድሞ መውጣት ነበረበት። ላይኛው አፈር ውስጥ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን መሠረትና መቃብሮቹ አሉ፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ ከተማው ሳይታሰብ በፊት ሰው እሳት ያነደደበት ከሰል ተገኘ። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ጎብኚዎች "የሮማውያንስ ነገር አለ?" ይሉን ነበር። አለቃችን ሲሪ "ሮማውያን ብርዱን ሰምተው ቀሩ" ትላቸዋለች። ሲሪ ረጅም፣ ቆፍጣና ሴት ነበረች። የምትስቀው በዓይኗ ብቻ ነው።

ሥራው በጉልበት ተንበርክኮ መዋል ነው፤ በትንሽ ማንኪያ መፋቅ፣ በብሩሽ መጥረግ፣ ባልዲ መሸከም። በሁለተኛው ሳምንት ሕይወቴን ሙሉ የምሠራው ይህንን ነው ብዬ ወሰንኩ። ሲሪም ክረምቱን በደንብ ከጨረስሽ በመከር እቀጥርሻለሁ ብላኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ረመዳን ገባ። በዚያ ወቅት የኦስሎ ቀን አልመሽ ይላል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ሠራተኞቹ ማረፊያ ቤት ገብቶ ከቤቱ የቋጠረውን ዳቦ ይፈታል። የኖርዌይ ሰዎች የሚወዱት ቡናማው አይብ ለእኔ ፈተና አልነበረም፤ በማልጾምበትም ቀን አልወደውም። የፈተነኝ አርብ አርብ የሚመጣው የቀረፋ ዳቦ ሽታ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ሴት አገኘን። ሕፃን ልጇን ክንዷ ላይ አስተኝተው ነበር የቀበሯት። የሕፃኑ አጥንት ከክብሪት እንጨት አይወፍርም። ማታ ስቶቭነር በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ስናፈጥር ደስታዬ ስላላስቻለኝ አወራሁት። አባቴ ያነሳውን ሳምቡሳ መልሶ አስቀመጠ።

"ሬሳ ነው የምታወጪው?"

"አጥንት ነው አባ። ብዙ መቶ ዓመት ያለፈው።"

"ዓመት ሲያልፈው ሰው መሆኑ ይቀራል?"

አባቴ ኦስሎ ውስጥ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ደሴ አጠገብ ባለ ቀበሌ የቅሬ ልጅ ነበር። ቅሬ የወሎ ሰው የቀብር ማኅበር ነው፤ የሞተው እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሁሉም ዶማውን ይዞ ይወጣል። በእነሱ መንደር ደግሞ አንድ ደንብ ነበራቸው። መሬቱ ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ አንድ ሰው ከአፋፉ አይለይም።

"ምሳ ስትሄዱ አጠገቧ ማን ይቀራል?" አለኝ።

"ማንም።"

"እንግዲያው ነገ አትሄጂም።"

"አባ፣ እሷ እኮ ክርስቲያን ናት።"

"የእኔስ አያት ክርስቲያን አልነበሩም?" አለና ፊቱን አዞረ።

ያለ ፈቃዱ መሄድ እችል ነበር፤ የሚከለክለኝ ሕግ የለም። ያለ ምርቃቱ መሄድን ግን አልፈለግሁም። እንዲህ ዓይነት ግትር ነኝ፤ ሁለቱንም ካላገኘሁ አልተኛም። "ሥራዬን አልተውም፣ እሷንም ብቻዋን አልተዋትም" አልኩት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጉድጓዱ ውስጥ ቀረሁ። ጾመኛ ምን ምሳ አለው? ብዙም ሳይቆይ ሲሪ መጣች።

"ዘይነብ፣ ማንም ብቻውን ጉድጓድ ውስጥ አይቀርም። አፈሩ ቢናድብሽ ማን ይሰማሻል? ውጪ። ነገም እዚህ ካገኘሁሽ ሥራሽ ያበቃል።"

እውነቷን ነበር። ወጣሁና በንዴት ለአባቴ ደወልኩ። "አባ፣ ብወጣ አንተ ትከለክለኛለህ፣ ብቀር አለቃዬ ታባርረኛለች። እኔ ግን የትም አልሄድም!"

እሱም "አጥሩ ከጉድጓዱ ይርቃል?" አለኝ።

"ቅርብ ነው።"

"ምሳችሁ ስንት ሰዓት ነው?"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ታክሲው ከአጥሩ ሥር ቆመ። አባቴ ወርዶ የአጥሩን ሽቦ ያዘና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆመ። እኛ ከምሳ ስንመለስ ወደ ሥራው ሄደ። በበነጋውም መጣ፣ ከዚያ ወዲያም አልቀረም። እሱም ጾመኛ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል። ጓደኞቼ "ያ ሰውዬ ምን ጠፍቶት ነው?" ሲሉ እኔ ባልዲዬን አንስቼ እሄድ ነበር። አፍሬ ሳይሆን፣ ብናገር የማለቅስ ስለመሰለኝ።

አንድ ሐሙስ፣ ሁላችንም ማረፊያው ውስጥ ሳለን፣ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ብዙም ሳይቆይ አጥሩ በኃይል ሲደበደብና አንድ ድምፅ ሲጮህ ሰማን። አባቴ ኖርዌይኛው ሁሉ ጠፍቶበት በአማርኛ ይጣራል፦ "ዘይኔ! ውሃው! ልጁን ሊወስደው ነው!"

ሮጥን። ከላይኛው መንገድ የመጣው ጎርፍ መቃብሩን የሸፈንበትን ሸራ ገልጦ ወደ እናትየዋ ክንድ እየወረደ ነበር። ሲሪ በአካፋ ቦይ ስትቀድለት፣ እኔ በሆዴ ተኝቼ ሸራውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ዝናቡ ሲያባራ ሕፃኑ እንደነበረ ነበር። ሲሪ ጭቃዋን ሳትጠርግ ወደ አጥሩ ሄዳ አባቴን አነጋገረችው። ለረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ ርቄ ስለነበር የሰማሁት ነገር የለም።

በማግስቱ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከአፋፉ ራቅ ብሎ፣ አንድ ታጣፊ ወንበርና ቢጫ የራስ ቆብ ተቀምጦ ነበር። አባቴ እናትና ልጅ ተጠቅልለው እስኪነሱ ድረስ የምሳ ሰዓቱን እዚያ ተቀመጠ። በተነሱ ቀን ጭቃ የበላውን እጄን በሁለት እጁ ይዞ "እጅሽ አይዛል። የጀመርሽውን ጨርሺ" አለኝ። ያንን ነበር የምፈልገው። በመከሩም ቀጠልኩ፤ ይኸው እስካሁን እቆፍራለሁ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ አንጀቴን ሲበላኝ የሰነበተው፣ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ጉድጓድ የጠበቀ ሰው የራሱን ማሽን ሊቆፍርለት መሆኑ ነበር። ዶማ ይዞ የሚወጣለት ቅሬ የለውም ብዬ ነበር።

መቃብር ስፍራው ስደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሷል። ከሳንቃው አጠገብ አንድ ሰው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀረብ ስል ሲሪ ናት። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ መርዶውን በስልክ ከመጻፍ በቀር ምንም አላልኳትም ነበር። የቋጠረችው ዳቦ ጉልበቷ ላይ ሳይፈታ ተቀምጧል።

"ቢሮው ደውዬ ነበር፤ ጠዋት ተከፈተ አሉኝ" አለችኝ። አፍንጫዋ በብርዱ ቀልቷል።

ሻዩን ቀድቼ ሰጠኋት። እስኪጨልም በዚያች ወንበር ተራ በተራ ተቀመጥን።